ካይቱን ማን አወረደው?

ሬሳው የተገኘው እሑድ ጠዋት ነው። የጂንካ ሰው ለአምልኮ ልብሱን እየተኮሰ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጨጓራዬ ሲያቃጥለኝ አድሮ ገና አንድ ብርጭቆ ወተት መጠጣቴ ነው። ስልኬ ጮኸ። አብሮኝ የሚመረምረው ሳጅን ጅሩ ነበር።

«ኢንስፔክተር ብዙወርቅ፣ ከገዘር መንገድ በላይ ገደል ሥር ሰው ሞቷል። የፎቶ ቤቱ ዕዝራ ነው።»

«ማን አገኘው?»

«አንጁሎ የሚባል የአሪ ገበሬ። ቡናው መሃል ነው የወደቀበት። ሮጦ መጥቶ የነገረንም ራሱ ነው።»

ወይ ጣጣ! በሃያ ሰባት ዓመት የፖሊስ ሥራዬ ሰው የሚሞትብኝ ወይ በበዓል ወይ በእሑድ ነው። ጫማዬን አጠለቅሁና ወጣሁ።

ዕዝራን ጂንካ ውስጥ የማያውቀው የለም። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ አላገባም፣ ቀን ቀን የመታወቂያ ፎቶ ያነሳል። ነፋስ ሲነሳ ግን ፎቶ ቤቱን ለእህቱ ጥሎ በክር የሚበረውን ካይቱን ተሸክሞ ይወጣል። ካይቱን ከፕላስቲክ ሸራና ከገዘር ካመጣው ቀርከሃ ራሱ ነው የሠራው። ከሥሩ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ይንጠለጠላል፤ ጠርሙሱ ውስጥ የታሰረችው ትንሽ ካሜራ በየአሥር ሰከንዱ ራሷ ታነሳለች። መሃል ከተማ ካለው ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ሲያበርር ኳስ የሚጫወተው ሁሉ ጨዋታውን ትቶ ያንጋጥጥ ነበር። «ምን ይጠቅምሃል?» ሲሉት «እዚሁ ተወልጄ ከተማዬን ከላይ ሳላያት ልሙት?» ይላል። አይ ዕዝራ!

ገደሉ ሃያ ሜትር ቢሆን ነው። ዕዝራ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ከኋላ ጭንቅላቱ ፈርሷል። ግራ እጁ ላይ ክሩ እንዳይቆርጠው የሚያጠልቃት የቆዳ ጓንት አለች። ጉልበቴን እየረገምኩ ወደ ገደሉ አናት ወጣሁ። ካይቱ ተጣጥፎ ድንጋይ ተጭኖበታል። አጠገቡ ሁለት ቀንድ ያለው እንጨት አለ፤ እንጨቱ ላይ ሦስት መቶ ሜትር የሚሆን የዓሣ ማስገሪያ ክር ተጠቅልሏል። ጠርሙሱ ባዶ ነው፣ ካሜራዋ የለችም። በስተጀርባ ጥቅጥቅ ያለ ባሕር ዛፍ ይታያል።

ጅሩ «ማዶውን ልየው?» አለኝ።

«ዛፍ ምን ይታያል? ና እንውረድ» አልኩት። ጉልበቴ አሞኝ ነበር። ይህን ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ነገሩ ቀላል መሰለን። ዕዝራ ቅዳሜ ከሰዓት ፎቶውን አንስቶ ጨረሰ፣ ካይቱን አውርዶ አጠፈ፣ ከዚያ አንድ ሰው ገፍቶ ጣለውና ካሜራውን ወሰደ። ማን? ማታውኑ ሦስት ሰዎች መጥተው ቃል ሰጡ። ከሁለት ሳምንት በፊት የዕዝራ ካይት ቡናው ላይ ሲያንዣብብ አንጁሎ ገጀራ ይዞ ወጥቶ «ድጋሚ ብትመጣ ክሩንም አንተንም እቆርጣለሁ» ብሎታል። ሦስቱም ሰምተዋል። አንጁሎም አልካደም።

ሰኞ ፍርድ ቤት የአሥራ አራት ቀን ጊዜ ቀጠሮ ሰጠን። አለቃዬ ኮማንደር ዮሴፍ እጁን አሻሸ። «ብዙወርቅ፣ ይሄ መዝገብ ሳምንት አይፈጅም። አሰናጂና ለዐቃቤ ሕግ ስጪልኝ።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ኮማንደር።»

«ተረትሽን ለጡረታሽ አስቀምጪው» አለኝ። እሱም ደክሞት ነበር፣ አልፈርድበትም።

አንጁሎን በሦስተኛው ቀን ለብቻው አነጋገርኩት። ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው። አማርኛው አጭር አጭር ነው፤ አንድ ነገር ይልና አሪኛው ውስጥ ቀጣዩን ይፈልጋል።

«ለምን ዛትክበት?»

«ከላይ የሚለካ ሰው፣ በኋላ ከታች ይመጣል» አለ። «ቆላ የሆነውን ሰምተናል። መጀመሪያ የሚበር ነገር መጣ። ከዚያ ማሽን መጣ። እኔ አንድ መሬት ነው ያለኝ።»

«እሱኮ ለጨዋታ ነው የሚያነሳው።»

«ለጨዋታ መሆኑን መሬቴ አያውቅም።»

«ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ቡና እለቅም ነበር።»

«ማን አየህ?»

«ማንም። ጥሩዬ ገዘር ገበያ ሄዳለች።» ጥሩዬ ሚስቱ ናት። «ካይቷን አይቻታለሁ። አንጋጥጬ ሰደብኳት። ከዚያ ለቀማዬን ቀጠልኩ። ሰው ሲወድቅ አልሰማሁም፣ ቡናው ሰፊ ነው። ጠዋት ነው ያገኘሁት። ገድዬው ቢሆን እናንተ ጋ እመጣለሁ?»

ገድለው የሚመጡ አሉ። እኔ ብዙ አይቻለሁ። ግን የዚህ ሰው ቃል አልለቀቀኝም።

ጥሩዬ በየቀኑ ከገዘር መንገድ በእግሯ ወርዳ ምግብ ታመጣለች። ዘበኛው ሳህኑን ሲፈትሽ እሷ ለእኔ ትነግረኛለች። «ቡናው ቀልቷል፣ እቴ። እየረገፈ ነው። ብቻዬን ስንቱን ልልቀም? ጎረቤት የነፍሰ ገዳይ ቡና አንለቅምም አለኝ።» በሚቀጥለው ቀንም ያንኑ ትላለች፤ ድምጿ ብቻ ይቀንሳል። መዝገቡ እንዳለ ከሄደ ባሏ ሃያ ዓመት ይፈረድበታል። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ወደ ዕዝራ ፎቶ ቤት ሄድኩ። እህቱ ሐና ጥቁር ለብሳ ብቻዋን ተቀምጣለች። ግድግዳው በሙሉ ከላይ የተነሳ ፎቶ ነው፤ ገበያው፣ ቸርቹ፣ የአርቦሬ መንደር ክብ ክብ ጎጆዎች፣ ከኮልቾ ጫፍ የታየው የኦሞ ወንዝ መታጠፊያ። መሃል ላይ አንድ ትልቅ ባዶ ቦታ አለ፤ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል።

«እዚህ ምን ነበር?»

«ጂንካ ሙሉዋን። ዓምና ለከተማው በዓል ስጦታ ብሎ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሰጣቸው። እንዴት ደስ ብሎት ነበር መሰለሽ! ከወር በኋላ ግን መልሱልኝ ብሎ ሄደ፣ እንቢ አሉት።»

«ለምን መልሱ አለ?»

«አልነገረኝም። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ላይ አብርሮ አያውቅም። ሰው የሌለበት ቦታ ነው የምፈልገው ይላል። ሌሊት ተነስቶ ሲጸልይ እሰማዋለሁ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ያን ሰውዬ አትልቀቁት እሺ? ጌታ ፍርዱን ይሰጠዋል፣ እናንተ ግን አትልቀቁት።»

«ጠላት ነበረው?»

«ዕዝራ? ካይት የሚያበርር ሰው ምን ጠላት አለው፣ እህቴ?»

ያን ጊዜ በፎቶው ላይ ምን እንደነበረ አጥብቄ መጠየቅ ነበረብኝ። ባዶውን ቦታ አየሁትና አለፍኩ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ጠርጥሬ ነበር፤ ማወቁን ነው ያልፈለግሁት።

በስድስተኛው ቀን ጅሩ ደስ ብሎት ገባ። ያቤጽ የሚባለው አስጎብኚ ልክ የዕዝራን የመሰለች ካሜራ ይዞ ታይቷል። ጠራነው። ጎልማሳ ነው፣ ፈገግታ አያልቅበትም፣ የካኪ ኮቱ ኪሶች ብዛት ለሦስት ሰው ይበቃል።

«ካሜራዋን ከየት አመጣህ?»

«ዕዝራ ነው የሰጠኝ። አሮጌዋ ናት፣ እሱ ሌላ ሲያገኝ ተወልኝ። ክፈቱና እዩአት፣ ውስጧ ኮልቾ አለ። እኔ ነኝ ክሩን የያዝኩለት።»

ከፈትናት። እውነቱን ነው።

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ኮልቾ፣ አራት ፈረንጅ ይዤ። ሾፌሩን ጠይቁት፣ ፈረንጆቹም ሆቴላቸው ናቸው፤ ትኋን በላን ብለው ሲያለቅሱ ታገኟቸዋላችሁ።»

ሾፌሩም ፈረንጆቹም እንዳለው መሰከሩ። ቀኑን ሙሉ ኮልቾ የዋለ ሰው በዚያው ሰዓት ገዘር መንገድ ላይ አይገድልም። ተስፋችን ወደቀ። ያቤጽ ለመውጣት ሲነሳ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የክር እንጨት አየና ቆመ።

«ይሄ የዕዝራ ነው?»

«አጠገቡ የተገኘ ነው።»

«እንጨቱ የሱ ነው። አጠቃለሉ ግን አይደለም።» አነሳውና አገላበጠው። «ዕዝራ ዝም ብሎ ዙሪያውን ነው የሚጠመጥመው፣ ዝርክርክ አድርጎ። በማግሥቱ ስንፈታው ግማሽ ቀን ይፈጅብናል፤ ስንት ቀን ተጣልተንበታል! ይሄ በሁለቱ ቀንድ መሃል እየተሻገረ፣ እንደ ስምንት ቁጥር ሆኖ ነው የተጠቀለለው። አንዱ በሌላው ላይ አልወጣም። ዕዝራ በሕልሙም እንዲህ አይጠቀልል።»

ጅሩን አየሁት፣ እሱም አየኝ። ክሩ ስድስት ቀን ሙሉ ዓይናችን ሥር ተቀምጧል። ዝርዝሩ ላይ የጻፍነው «ክር የተጠቀለለበት እንጨት፣ አንድ» ብለን ነው።

ያቤጽ ከሄደ በኋላ ጅሩ «እንግዲህ ካይቱን ያወረደው ሌላ ሰው ነው» አለ።

«ዕዝራ ከወደቀ በኋላ ነዋ! ጓንቱን ሳያወልቅ ነው የወደቀው። ሲወድቅ ካይቱ ሰማይ ላይ ነበር። አንድ ሰው ገደሉ አናት ላይ ቆሞ ሦስት መቶ ሜትር ክር ስቦ አወረደ፣ አጠፈ፣ ድንጋይ ጫነበት፣ ክሩንም ጠቀለለ።»

«አንጁሎ ቢሆን?»

«አንጁሎ ምን ብሎ ዛተ? እቆርጣለሁ። ገጀራ የያዘ ሰው ክር ይቆርጣል እንጂ እንዲህ አሳምሮ አይጠቀልልም።»

ጅሩ የበና ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ሳያስብ አይናገርም። እንጨቱን በእጁ መዘነና «ክር የሚወድ ሰው ነው» አለ።

በማግሥቱ የክሩን እንጨት በጋዜጣ ጠቅልዬ ከገበያው ጀርባ ሸማኔዎቹ ወደሚሠሩበት ዳስ ሄድኩ። ከጋሞ መጥተው እዚህ የከረሙ ሰዎች ናቸው። በዕድሜ የገፉት አባ ዳኖ እግራቸውን የሸማው ጉድጓድ ውስጥ ከተው መወርወሪያውን ያመላልሳሉ። ግራና ቀኙ ሸማኔ ነው፤ አንድ ጉድጓድ ብቻ ባዶ ነው። ምንም ሳልናገር እንጨቱን ሰጠኋቸው።

ሽማግሌው መወርወሪያቸውን አስቀመጡ። ክሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና ሳይፈልጉ ጫፉን አገኙት፤ ከሦስተኛው ዙር ሥር ተሸጉጧል። ፊታቸው በራ።

«ጎሽ! ጫፉ እንዳይጠፋ እንዲህ ነው የሚሸጎጠው። የዛሬ ልጆች ይህን አያውቁም። ሸማኔ ነው፣ ልጄ። ሸማኔ ክር በትኖ አይሄድም፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ጠቅልሎ ነው የሚወጣው።»

«የትኛው ሸማኔ አባባ?»

«ይሄ እኮ በግራ እጅ ነው የተጠቀለለ። እዚህ ግራኝ ፍሥሐ ብቻ ነው፣ እኔው ነኝ ያስተማርኩት...»

ወሬያቸውን አቋረጡ። ዓይናቸው ከክሩ ወደ ኮፍያዬ ወጣ። የዳሱ ሸማኔዎች ሁሉ መወርወሪያቸውን ያዝ አደረጉ።

«ፍሥሐ የት ነው?» አልኩ።

«ሰሞኑን አልመጣም። እጁን አሞታል።»

«ቤቱ የት ነው?»

ሽማግሌው ለራሳቸው «ምነው አፌን በቆረጠው» አሉ። ከዚያ መወርወሪያቸውን መልሰው አነሱ። አጠገባቸው ያለው ሸማኔ «ዝም አይነቅዝም አባባ» አላቸውና ጀርባውን ሰጠኝ።

ያልነገሩኝን ገደሉ ነገረኝ። ዕዝራን ገድሎ ሳይታይ የሄደ ሰው በአንጁሎ ቡና በኩል አልወረደም። የቀረው እኔ የሰነፍኩበት ባሕር ዛፍ ነው። ከጅሩ ጋር ወጣን፣ ዛፉን ሰንጥቀን ገባን። ሁለት መቶ እርምጃ አልሄድንም፣ ከታች ጎድጓዳ ቦታ ላይ ቤት ታየን። ሌላ ቤት። ሌላም። ጅሩ መቁጠር ጀመረ። አርባ አንድ ጣሪያ፣ አዲስ ቆርቆሮ አሮጌ ቆርቆሮ፣ አንዱ በሌላው ተደግፎ። ከመንገድ አይታዩም፣ ከከተማም አይታዩም። ከላይ ካልሆነ በቀር።

ጨረቃ ቤት ነው። ፈቃድ የለው፣ ካርታ የለው፣ በአንድ ሌሊት የሚቆም።

እዚያ ቆሜ ነው የተገለጠልኝ። ዓምና በሚያዝያ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ከከተማው ጫፍ ከጥድ ዛፎቹ ጀርባ የነበሩ ጨረቃ ቤቶች ፈርሰዋል። ለዓመታት ሁሉም እያያቸው ያልፍ ነበር። በድንገት ግን የመጣው ሰው ትልቅ ፎቶ ይዞ ነበር፤ ጣሪያዎቹ በቀይ እስክርቢቶ ተከበዋል። እኔ ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ ከዕዝራ ግድግዳ የጎደለው እሱ ነው። ጸጥታ አስከባሪ ሆኜ ዶዘሩ አጠገብ የቆምኩት እኔ ነኛ! ዱላ ይዤ።

ፍሥሐን ቤቱ በር ላይ አገኘነው። ቀጭን ሰው ነው፣ አርባ አይሞላውም። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር የራሱ የሸማ መሥሪያ ተዘርግቷል፣ ግን አይሠራም፤ ሁለት እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ሚስቱ ኢየሩሳሌም በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አላስገባችንም።

«እጅህን ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ክር ቆረጠኝ።»

«የሸማ ክር እጅ አይቆርጥም።»

«አይቆርጥም» አለ። ከዚያ ተቀመጠ። «አውቄሻለሁ። ያን ቀን ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«አቢጊያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሦስት ሌሊት ሸራ ሥር አደርን። በአራተኛው ሳንባ ምች አለ ሐኪሙ።» ኢየሩሳሌም ፊቷን አዞረች። «ዕዝራን አልጠላሁትም። ለቅሶ መጥቶ እግሬ ላይ ወድቋል። አላወቅሁም ነበር አለኝ፣ እውነቱን ነው። ይቅር ብዬው በአንድ ቸርች አብረን ቁጭ ብለናል።»

«ታዲያ ቅዳሜ?»

«ቅዳሜ እዚሁ ሸማዬ ላይ ነበርኩ። ልጆች ጮኹ። ቀና ስል ያች ነገር ከጣሪያዬ በላይ ቆማለች። ክሯን ተከትዬ ሮጬ ወጣሁ። አውርዳት አልኩት። እዚህ ሰው መኖሩን አላወቀም፤ ቤቶቹን ሳሳየው ደነገጠ። አወርዳታለሁ፣ እያንዳንዱን አጠፋለሁ አለኝ። ቀስ ብሎ መጠቅለል ጀመረ። እኔ ግን መጠበቅ አልቻልኩም፤ እያነሳች እኮ ነው! ክሩን ነጠቅሁት። እሱ ትበጠሳለች፣ ሌላ ሰው እጅ ትገባለች ብሎ ጎተተ። ክሩ እጄን ሲሰነጥቀው ለቀቅሁ። ሲጎትት ስለነበረ ወደ ኋላ ሄደ።» እጆቹን አየ። «ወደ ኋላው ገደል መሆኑን ሁለታችንም ረስተናል።»

አንዲት ዶሮ በመሃላችን አለፈች።

«ጮኼ ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም። ከላይ ሳየው ሞቷል። ያች ነገር ሰማይ ላይ ናት፣ እንጨቱ ድንጋይ መሃል ተሰንቅሮ ይዟታል። አወረድኳት። ክሩን መቼ እንደጠቀለልኩት አላውቅም። እጄ ነው የጠቀለለው።»

«አንጁሎ የሚባል ሰው ታስሯል» አልኩት። «ስምንት ቀኑ ነው።»

«አውቃለሁ!» ብሎ ጮኸ። «ማታ ማታ ነገ ሄጄ እናገራለሁ እላለሁ። ግን ካሜራውን ሳልሰጥ ማን ያምነኛል? ብሰጥስ? አርባ አንድ ቤት ነው የምሰጠው። ልሰብራት ድንጋይ አንስቻለሁ። ከዚያ በፊት ከፈትኩና አየሁ፤ ያ ሰውዬ ውስጧ አለ፣ ቡናውን ይለቅማል። እንዴት አድርጌ ልስበራት?»

ወደ ሸማው ጉድጓድ ወረደ፣ በቁስል እጁ አፈሩን ጫረና በላስቲክ የታሰረች ካሜራ አወጣ። ሰጠኝ። ኢየሩሳሌም «ፍሥሐ!» ብላ ክንዱን ያዘችው። እሱ «በቃ፣ ደከመኝ» አላት።

ጣቢያ ስንመለስ ጅሩ ካርዷን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተ። አራት መቶ ምናምን ፎቶ አለ፤ አብዛኛው ባሕር ዛፍና ደመና ነው። ወደ መጨረሻው ላይ አንዷ ጥርት ብላ መጣች። ገደሉ አናት ላይ ሁለት ሰዎች ተፋጠው ቆመዋል። ከገደሉ ሥር፣ ከሩቅ፣ አንጁሎ ቡናው መሃል ጎንበስ ብሏል፣ ቅርጫቱ ከጎኑ። ቀጥሎ ገደሉ አናት ላይ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ አንጁሎ አልተነቃነቀም። በሁለቱም ላይ በሌላ በኩል አርባ አንዱ ጣሪያ ፀሐይ መትቶት ያብረቀርቃል።

ጅሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ ፎቶ ቤት እኮ ይቆርጡታል። ጣሪያውን ብንቆርጠውስ?»

ያልፈለግሁት እንዳይመስላችሁ። ሻይዬ እስኪቀዘቅዝ አስቤዋለሁ። ፍሥሐ ዛሬ ያመነውን ነገ ፍርድ ቤት ቢክድ፣ ጠበቃ መጥቶ «የቀረው የፎቶው ክፍል የት ሄደ?» ቢል፣ ሦስቱ ምስክሮች እንደገና ተነስተው ገጀራውን ቢያወሩ፣ አንጁሎ ተመልሶ ይገባል። ለኮማንደሩም ይህንኑ ነገርኩት። እሱ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየና መነጽሩን አወለቀ።

«እዚህ ቤት አለ እንዴ?»

«አለ።»

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አለ። «ሙሉውን አያይዢው። ምን ታደርጊያለሽ?»

አያይዤ ፈረምኩ። ፊርማዬን ያን ቀን እንደጠላሁት ጠልቼው አላውቅም።

አንጁሎ በማግሥቱ ተፈታ። ጥሩዬ በር ላይ ስታየው አላለቀሰችም፤ እጁን ይዛ «ከላይኛው በኩል ግማሹ ደህና ነው» አለችው። ስለ ቡናው ነው። ሁለት እርምጃ ሄዶ ወደ እኔ ዞረ።

«ያ ሸማኔ ምን ይሆናል?»

«ሰው ሆን ብሎ አልገደለም። ዳኛው ያየዋል።»

«ልጅ አለው?»

«ነበረው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

መዝገቡ የሚሄደው ሰኞ ነበር። ከዐቃቤ ሕግ እጅ በኋላ ፎቶውን ማን እንደሚያየው አላውቅም ነበር፤ ወረቀት እግር አለው። ዓርብ ከሰዓት ኮፍያዬን ቢሮ ትቼ ለማንም ሳልናገር በባሕር ዛፉ በኩል ወጣሁ። በደንቡ ይህን ማድረግ የለብኝም። ኢየሩሳሌም በሯ ላይ ነበረች፤ ስታየኝ አልተነሳችም።

ሁሉንም ነገርኳት። ፎቶውን፣ መዝገቡን፣ ሰኞን። ሴቶች ከየበራቸው ቀስ እያሉ መጥተው ከበቡን። ማንም አልሰደበኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ስንት ቀን አለን?» አለች።

«አላውቅም። ሳምንትም ይሆናል፣ ሁለት ወርም።»

«ያን ቀን አንቺም ትመጫለሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። «ስሜ የምድብ ዝርዝሩ ላይ ከወጣ እመጣለሁ» አልኳት።

ኢየሩሳሌም ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። በሩን የዘጋችብኝ መሰለኝ። ስትመለስ ጉጠትና ዱካ ይዛለች። ዱካው ላይ ቆማ የጣሪያውን የመጀመሪያ ምስማር ነቀለች፣ ሳይጣመም ነቅላ ጉንጯ ውስጥ ከተተችው። ሁለተኛውን ነቀለች። ሌሎቹም ሴቶች አይተው ወደየቤታቸው ሄዱ፤ ብዙም ሳይቆይ ከየአቅጣጫው ምስማር ሲነቀል ይሰማ ጀመር።

«ባለፈው ዶዘሩ ደፈጠጠው» አለች በጥርሷ መሃል። «አንዷንም ቆርቆሮ አላተረፍንም።»

ቆርቆሮው በአንድ በኩል ተለቅቆ ወደ እኔ አዘነበለ። ከላይ ሆና ተመለከተችኝ።

«ምን ትቆሚያለሽ? ያዢልኝ» አለች።

ያዝኩላት። ጨለማ ሳይመጣ አሥራ አንድ ቆርቆሮ አወረድን።